ለባልዲ የተሰጠች ድምፅ

ቁሓ ገብታችሁ «ራሱን መራጭ የታለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የባጃጅ ነጂው ሳይቀር የኣረፋይነን ቤት ያሳያችኋል። ሕዝብ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይሳሳትም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሳሳታል እንጂ! በኣረፋይነ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ኖሯል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ አስካለማርያም ነበረች፤ ግን የሆዷን በሆዷ ይዛ ከረመች።

ነገሩ የተጀመረው በ1992 ግንቦት ነው። ያን ጊዜ ቁሓ ራሴን የቻልኩ ከተማ ነኝ ትል ነበር፤ መቀሌ ግን እየሰፋች መጥታ ደጃፏ ላይ ቆማለች። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የጦርነቱ ድምፅ ከራስ ላይ አይጠፋም። ውሃ ግን ጠፍቷል። ሴቶቹ ጀሪካን አሰልፈው ይውሉና ሲመሽ ባዶውን አንጠልጥለው ይገባሉ። ኣረፋይነ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበርና ሁሉም ሲያየው «ምነው ኣረፋይነ፣ ምን አደረግንህ?» ይሉታል፤ ቧንቧውን እሱ በኪሱ ይዞት የሚዞር ይመስል። ሰውዬው ተቃጠለ። ሲቃጠል ሲቃጠል ከረመና አንድ ቀን ለምክር ቤት በግሌ እወዳደራለሁ ብሎ ተነሳ። ምልክት ምረጥ ሲባል ባልዲ መረጠ።

አስካለማርያም ስትሰማ ክው አለች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ኣረፋይነ እዚያ ለሥራ ሄዶ ነው ያገኛት። አግብታው መጥታ ቁሓ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተማሪ ሆነች። ትግርኛውን ለምዳለች፣ ሰፈሩም ወዷታል። ቢሆንም የሰው አገር ሰው ምንጊዜም አንድ ጆሮው በር ላይ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አገር ጦርነት ላይ ነው። ልጁን ግንባር የላከ ሰው ስለ ቧንቧ ምን ይሰማሃል?» አለችው።

«ልጁ ሲመለስ ውሃ አይጠጣም እንዴ?» አላት። ከዚህ ሰው ጋር ማን ይከራከራል!

ተቀናቃኙ ደግሞ ማን ሆኖ ቢቀርብ ጥሩ ነው? ንጉሰ! ደጅ ለደጅ ጎረቤቱ፣ አብሮ አደጉ፣ በሠርጉ ቀን ሚዜው። ንጉሰ የድሮ ታጋይ ነው፤ ጥይት ቀኝ እግሩን መትቶት ያነክሳል። የቀረበውም በውድቡ ስም ነው። ውድብ ሲሉ አገሩን የሚመራው ድርጅት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ሙሉ ስሙን ለመጥራት የሚደክም አልነበረም። ሰፈሩ «እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ሲናከሱ እናያለን» ብሎ ጠበቀ። ምን ይናከሳሉ! ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ወትሯቸው ኣበራሽ ጠላ ቤት ገብተው አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

«ካሸነፍክ ለኔ ቤት ውሃ ታስገባለህ» ይለዋል ንጉሰ።

«አንተ ካሸነፍክስ?»

«ካሸነፍኩማ ስብሰባ እገባለሁ።» ኣበራሽ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ ትስቃለች።

እዚህ ላይ የእድሩን ነገር ማንሳት ግድ ነው፤ ያለሱ ይህ ታሪክ አይገባም። በሰፈሩ እድር ዳኛ ሲመረጥ የታጨ ሰው ለራሱ እጁን አያወጣም። ነውር ነው። እጁን የሚያወጣው አብሮት ለታጨው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ቸኩሎ ለራሱ ቢያወጣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እያሉ እስኪሞት ድረስ ሳቁበት፤ ቀብሩ ላይም ሳቅ ያፈነው ሰው ነበር። ኣረፋይነና ንጉሰ ያደጉት በዚህ ደንብ ነው። አስካለማርያም ግን የመጣችው ከሌላ አገር ነው፤ ምርጫ ሲባል ደግሞ የመንግሥት ነገር እንጂ የእድር ነገር አልመሰላትም።

በምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰለፈች። ጉልበቷ ያኔም ያማት ነበር፤ ቆማ ቆማ ተራዋ ደረሰና ወረቀቱን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ያሰበችው ይህን ነው፦ «እሱ መቼም ራሱን መርጧል። አንድ ድምፅ ትወጣለታለች፣ የራሱ ናት ይባላል፣ ያልፋል። ሁለት ከወጣች ግን ሁለተኛዋ የማን ናት? የማን ልትሆን፣ የሚስቱ! ነገ እኔ ምን እባላለሁ?» ማንም አላስፈራራትም። አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ፍርሃት እንደሁ ጥሪ አይጠብቅ፣ ሰተት ብሎ ይገባል። በንጉሰ ምልክት ላይ ምልክቷን አድርጋ ወረቀቱን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች።

ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ኣረፋይነ በሌሎቹ ጣቢያዎች ጥቂት ጥቂት ለቃቅሟል። በገዛ ሰፈሩ ጣቢያ ግን ከባልዲው አጠገብ አንድ ተጽፏል። አንድ! ለዕጩነት የፈረሙለት እነዚያ ሁሉ ጎረቤቶች የታሉ? መፈረሙንማ ፈርመዋል፤ ሰው ደጃፍህ ድረስ መጥቶ ሲለምንህ ዐይን ዐይኑን እያየህ እምቢ አትልም። መጋረጃ ኋላ ግን ዐይን የለም።

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። «ራሱን መረጠ! ሚስቱ እንኳ አልመረጠችውም!» አለ አንዱ፤ በዚያው ስም ወጣለት። ቆይቶ ሕፃናቱ ሲያልፍ ባልዲ እየመቱ ይሸኙት ጀመር።

ያን ዕለት ማታ ራት ሊቀርብ ሲል አስካለማርያም ወጡን ታማስላለች። ኣረፋይነ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ፈገግ አለ።

«እኔ እኮ ራሴን አልመረጥኩም» አላት።

እጇ ቀጥ አለ። «ምን አልክ?»

«ንጉሰን ነው የመረጥኩት። ታጭቼ ራሴን ልምረጥ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እድር መሰለህ?»

«ታዲያ ምንድን ነው? ትልቅ እድር ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እና አስካል፣ ያቺ ድምፅ ያንቺ ናት። ሁሉ ሲፈራ አንቺ የሰው አገር ሰው አልፈራሽም።» ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በትዳራቸው እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

አይደለም ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር እኮ! ግን ያን ፊት እያዩ እንዴት ተብሎ? አንገቷን ደፋች። እሱ ትሕትና መሰለው።

«ኣጆሽ፣ አይዞሽ» አላት፤ ሲረበሽ ሁለቱን ቋንቋ ይቀላቅላል። «ለማንም አልናገርም። ራሴን አልመረጥኩም ካልኩ ታዲያ ማን መረጠህ ይሉኛል፤ ዞረው ዞረው አንቺ ላይ ይመጣሉ። ራሱን መረጠ ይበሉኝ። እኔ መሳቂያ ልሁን፣ አንቺ በሰላም አስተምሪ።»

ከዚያ ማታ በኋላ አስካለማርያም እህል እንደ ልቧ የበላች አይመስለኝም።

1997 መጣ። ያ ዓመት አገር ምድሩ የተነቃነቀበት ነው፤ ሰልፉ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ አጥሩን ዞረ። ኣረፋይነ አንዲት ዱካ፣ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ተሸክሞ መጣና ሰልፉ መሃል አስቀምጦ «ተቀመጪ» አላት።

«ሰው ያያል፣ ተው!»

«ይይ። ጉልበቷን ያማታል እላቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «የመረጠኝ ሰው ቆሞ አይሰለፍም» አላት። ተቀመጠች። ዱካዋ እሳት ሆነችባት። ከኋላቸው አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ራስህን አትመርጥም?» ሲለው ኣረፋይነ አብሮ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የገደላት።

በ1992 አሸንፎ ምክር ቤት የገባው ንጉሰ በዚያው ሰሞን ተገምግሞ ከወንበሩ ወርዶ ነበር። ውሃውም አልመጣ፣ ስብሰባውም አልቀረ። በ2002 ሰፈሩ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ በየቡድኑ ወጣ፤ ኣረፋይነ ዱካዋን ይዞ ወጣ። እንደገና ተወዳደር የሚሉት አልጠፉም፣ ለቀልድም ቢሆን። «አንድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ይበቃኛል» ይላቸዋል። እነሱ ራሱን የሚያወራ መስሏቸው ይስቃሉ። በ2007 ውጤቱን በሩ ላይ ሄዶ የሚያነብ ሰው እንኳ ጠፋ፤ ማን ያሸንፍ ይሆን የሚል ሰው ሳይኖር ምን ይነበባል? ዱካዋ ግን መጣች። ኣረፋይነ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ቁሓም መቀሌ ውስጥ ገብታ ቀርታለች፤ ዱካዋን በብብቱ ይዞ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል።

አስካለማርያምን የሚበላት ሌላም ነገር ነበር። እሷ ካልሆነች፣ እሱም ካልሆነ፣ ያቺን ድምፅ የሰጠ ማነው? ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ የሰው ፊት ታያለች። ኣበራሽ ትሆን? አንዳንዴ ያን ሰው ትመርቀዋለች፤ ባሏን ከባዶ አድኖታልና። አንዳንዴ ደግሞ አፉን ከመክፈቱ በፊት አፈር ይክተተው ትልና ደንግጣ ታማትባለች።

2012 ላይ ያ በሽታ ዓለሙን ሲያምስ፣ ክልሉ ምርጫዬን በጳጉሜ አደርጋለሁ አለ። ንጉሰን የጣለው ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ጉበቱ ነው። ዓይደር ሆስፒታል ሰንብቶ፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ከእንግዲህ ቤቱ ይሻለዋል ብለው መለሱት። ባልና ሚስት ጭንብላቸውን አድርገው ሊጠይቁት ገቡ። የንጉሰ ሚስት ኣብርሀት ወንበር አቀረበችላቸው። ያ ግዙፍ ሰውዬ አልጋው ውስጥ ጠፍቶ ዐይኑ ብቻ ቀርቷል።

ሲያወጉ ቆይተው ንጉሰ ድንገት «ኣረፋይነ ሓወይ፣ ወንድሜ» አለ። «ሳልነግርህ ብሄድ አፈሩ ይከብደኛል። ያቺ የባልዲ ድምፅ የኔ ናት።»

አስካለማርያም ባሏን አየችው።

«የታጨ ሰው ራሱን አይመርጥም፤ አንተን መረጥኩ» አለ ንጉሰ፣ በየመሃሉ እየተነፈሰ። «ራሱን መረጠ ሲሉህ፣ እንግዲያ ሁለት መሆን ነበረባቸው፣ የኔዋ የት ገባች እል ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንተም እንደኔ ነህ፣ ራስህን አልመረጥክም። ልንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ። የውድቡ ዕጩ ተቀናቃኙን መረጠ ቢባል ምን እንደምሆን ታውቃለህ። ፈራሁ፣ ሓወይ። አንተ ስትሰደብ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ኣረፋይነ ፊቱ ጠቆረ።

«ተው፣ ንጉሰ። ያቺ ድምፅ ባለቤት አላት። ሚስቴ ናት የሰጠችኝ። ሃያ ዓመት ስድቤን እንደ ጠላ የጠጣሁት ለሷ ብዬ ነው። ልታስደስተኝ ብለህ ያለችኝን አንዲቷን ነገር አትንጠቀኝ!» ወደ አስካለማርያም ዞረ። «በይ፣ ንገሪው።»

ኣብርሀት አየቻት። ንጉሰም አያት። አስካለማርያም ጭንብሏን ወደ ላይ ሳበች፣ እስከ ዐይኗ ሥር።

የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ብዙ ያያል። ንጉሰ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየ፤ ሁሉም ነገር እንደገባው እሷም አወቀች። ከዚያ ዐይኑን ከደነና «ይቅር በለኝ፣ ሓወይ» አለ። «በሽታው ያስቀባጥረኛል። የሷ ናት። ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።»

አይ ንጉሰ! እውነቱን ተናግሮ ሳይጨርስ መልሶ ዋጠው፣ ለሷ ሲል። ይቅርታ ጠያቂውም እሱ ሆነ!

ኣረፋይነ ደህና ሁን እንኳ ሳይል ወጣ። «በሞቱ አፋፍ ይዋሸኛል?» እያለ ግቢው ውስጥ ተንጎራደደ። ደጅ ለደጅ ነው፤ መንገዱን የሚሻገረው ሰው ግን ታጣ። ኣብርሀት ሁለት ጊዜ መጥታ «ይጠራሃል» አለችው፣ አልሄደም። አስካለማርያም መስኮቱ ጋ ቆማ የንጉሰን በር ታያለች። አሁን ልንገረው ትላለች፣ ከምሳ በኋላ ትላለች፣ ነገ ትላለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለንጉሰ ሳይጠራለት መሸ። ሐምሌ ሳያልቅ፣ አንድ ዝናባማ ጧት፣ የኣብርሀት ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

እድሩ መጥቶ ኣረፋይነን ሳጥኑን ከፊት ያዝ፣ የሕይወት ታሪኩንም አንተ ተናገር፣ ካንተ የሚቀርበው የለም አሉት።

«እንደ ማንም እቆማለሁ። ሳጥኑን አልሸከምም፤ የምናገረውም የለኝም» አላቸው። ሰዎቹ ተያይተው ወጡ። ለአብሮ አደግ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም።

አስካለማርያም በሩ ጋ ቆማ ሰምታለች። ጋቢውን ሲያጣፋ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኣረፋይነ፣ ንጉሰ አልዋሸህም። እኔ አልመረጥኩህም።»

ጋቢው እጁ ላይ ቀረ። ከንጉሰ ግቢ ለቅሶው ይሰማል። ብዙ ነገር ይጠይቀኛል ብላ ነበር፣ ለምን ዋሸሽኝ ይላል ብላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ማንን መረጥሽ?»

«ንጉሰን።»

«እኔም ንጉሰን» አለ ኣረፋይነ፤ ሳቅ መሳይ ነገር ከጉሮሮው ወጣ። «ያ ምስኪን፣ ከቤታችን ሁለቱንም ድምፅ ወስዶ የራሱን ለኔ ሰጠኝ ማለት ነው።» ወደ ንጉሰ ግቢ ዞረ። «ሁለት ጊዜ አስጠርቶኝ አልሄድኩም እኮ፣ አስካል። መንገድ መሻገር ነበር።»

«እኔ…» አለች።

«ቆይ» አላት። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ሳጥኑን ከፊት ይዞ፣ ለማንም ትከሻ ሳይቀይር ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሸከመው። ብዙ ሰው አይሰብሰብ ተብሎ ስለነበር ሰዉ ግቢው ውስጥ ተራርቆ ቆሟል። ኣረፋይነ ከመቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ተናገረ። «ራሱን መራጭ ትሉኛላችሁ። እኔ ራሴን አልመረጥኩም። እናንተ ሁላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከመሃላችሁ እኔን የመረጠኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ተቀናቃኜ ነው። ይኸውና ተኝቷል። ሊነግረኝ ቢል ውሸታም አልኩት።» ከዚህ በላይ አልቻለም። ኣበራሽ «ወይለይ፣ ወይለይ!» ብላ ደረቷን ስትመታ ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አስካለማርያም ከሴቶቹ ኋላ፣ ዛፍ ተደግፋ ቆማ ነበር። ማንም ዞሮ አላያትም፤ እነሱማ አለመምረጧን ድሮም ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኣረፋይነ አልጮኸባትም፣ አልሰደባትም። ቢሰድባት በወደደች! ያቀረበችለትን ይበላል፤ ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፣ መንገደኛ ላሳደረው ቤት እንደሚለው።

የጳጉሜው ምርጫ ቀን ደረሰ። ሰዉ ጨለማው ሳይገፈፍ ወጥቷል፤ ያው ትምህርት ቤት፣ ያው በር። አስካለማርያም ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ኣረፋይነ ዱካዋን በብብቱ ይዞ ደጅ ቆሞ አገኘችው። ደነገጠች። ከዚያ ልቧ ሞቅ አለ፤ እንግዲህ ይቅር ብሎኛል አለች። ከፊት ከፊቷ ሄደ፣ እንደ ድሮው። እሷም እያነከሰች ተከተለችው።

ሰልፉ ጋ ሲደርሱ አልቆመም። እሷን ትቶ ወደ ፊት አለፈና ጥቁር ለብሳ፣ አናቷን አስራ የቆመችው ኣብርሀት ዘንድ ደረሰ። ዱካዋን መሬት ላይ አመቻችቶ አስቀመጠላት።

«ተቀመጪ፣ ኣብርሀት» አላት። «የመረጠኝ ሰው ቤት ቆሞ አይሰለፍም።»

ኣብርሀት ተቀመጠች። ኣረፋይነ ከአጠገቧ ቆሞ ዝናቡ ሲያካፋ ጃንጥላ ዘረጋላት። አስካለማርያም ከሰልፉ ጫፍ ሄዳ፣ ተራዋ እስኪደርስ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ቆመች።